ስለ ጥይት ማፍሰሻና ስለ እርሳስ፤ ከሰቲት ወንዝ ዳር የሚነሣ ነገር

ሐምዳይት የምትባለው መንደር የሱዳን፥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰኖች በሚቀራረቡበት ስፍራ፥ በሰቲት ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። ይህ ወንዝ በደጋው አገር ተከዜ ይባላል፤ ወደ ቈላው ሲወርድ ሰቲት ተብሎ ይጠራል፤ ሱዳን ከገባ በኋላም ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በአውሮፓ አቈጣጠር በኅዳር ወር 2020 በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ወሩ ሳይፈጸም ከ40,000 የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ሱዳን ስለ ተሰደደና ከዚህም ብዙው በሐምዳይት በኩል ስለ ተሻገረ፥ ቀድሞ ከነጋዴና ከእረኛ በቀር የማያውቃት የመንደሪቱ ስም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተነገረ።

ይህ መሻገሪያ ሰውና ከብት ብቻ ሳይሆን መሣሪያም ሲያልፍበት የኖረ ነው። ስለ ጦርነትና ስለ ጦር አለቆች ብዙ ተጽፏል፤ ዳሩ ግን ጥይት የምትወለድበትን ትንሽ ዕቃ፥ ማለት እርሳስ አቅልጠው የሚያፈስሱበትን ማፍሰሻ፥ ማንም ጸሐፊ ከቍም ነገር አይቈጥረውም። እኛ ግን ዛሬ ስለዚሁ ዕቃ፥ ሰዎችም በቤታቸው እየሞረዱ ቅርጹን ስለ መለወጣቸው፥ ከዚህም ስለ ተከተለው ነገር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናስረዳ ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1861 ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ መንገደኛ ከባለቤቱ ጋር በከሰላ በኩል አድርጎ ወደ አትባራና ወደ ሰቲት መጣ። ሐሳቡ ወደ ዓባይ የሚፈስሱትን የሐበሻ ወንዞች ለመመርመር ነበር፤ ዳሩ ግን ዋነኛ አዳኝ ስለ ነበረ፥ በሰቲት ዳር ይኖሩ ከነበሩት ሐምራን ከሚባሉት ዓረቦች ጋር ወዳጅ ሆኖ ዝሆን ሲያድን ከረመ። ሐምራኖች ዝሆንን የሚገድሉት በጠመንጃ አልነበረም። በፈረስ እየጋለቡ ከኋላው ይደርሱና የኋላ እግሩን ጅማት በሰይፍ ይቈርጡት ነበር። ቤከርም የእነርሱን ጀግንነት እጅግ አድንቆ፥ በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ በሰፊው ጽፎታል።

እርሱ ራሱ ግን ይዞ የመጣው ጠመንጃ ነበር። ከጠመንጃዎቹ አንዱ «ሕፃን» ብሎ የሰየመው ሲሆን፥ የሚተኩሰው ግማሽ ፓውንድ፥ ማለት ወደ 227 ግራም የሚመዝን ጥይት ስለ ነበረ፥ ዓረቦቹ «የመድፍ ልጅ» ብለው ይጠሩት ነበር። ከሌሎቹ ጠመንጃዎቹ አንዳንዶቹ በቍጥር «አሥር» የሚባሉ ነበሩ። ይህ ቍጥር ከየት መጣ ቢባል፥ የጥንት የአፈሙዝ መለኪያ ከእርሳስ ማፍሰስ የተወሰደ በመሆኑ ነው። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ትክክለኛ አሥር ክብ ጥይት ቢወጣ፥ ያች አንዲቱ ጥይት ልክ የምትገባበት አፈሙዝ «አሥር» ይባላል፤ አሥራ ሁለት ቢወጣ «አሥራ ሁለት» ይባላል። ስለዚህ ቍጥሩ ባነሰ መጠን አፈሙዙ ይሰፋል። ዛሬም የአደን ጠመንጃ በዚሁ ልክ ይጠራል።

ንጹሕ እርሳስ ለስላሳ ስለ ሆነ የዝሆንን አጥንት ሲነካ ይጨፈለቃል እንጂ አይዘልቅም። ስለዚህ ቤከር ዘጠኝ እጅ እርሳስ ከአንድ እጅ ባዜቃ፥ ዛሬ ሜርኩሪ ከሚባለው፥ ጋር እየቀላቀለ ጥይቱን ያጠነክር ነበር። በመጽሐፉም እንደ ገለጸው፥ እርሳሱ ለብቻው በድስት እስኪቀላ ድረስ ይጋልና፥ ባዜቃው ለሦስት ወይም ለአራት ጥይት የሚበቃው ብቻ ባንድ ጊዜ በጭልፋ ይጨመራል፤ ሁሉን ወደ ትልቁ ድስት ቢጨምሩት ግን ተንኖ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቆም ብሎ ያስብ። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ባዜቃ ደግሞ በ357 ዲግሪ ይፈላል። እስኪቀላ ድረስ የጋለ እርሳስ ከዚህ በጣም ያለፈ ሙቀት ስላለው፥ የተጨመረበት ባዜቃ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። ቤከር ያዘነው ባዜቃው በከንቱ በማለቁ ነበር። ያ የጠፋው ባዜቃ ወዴት እንደ ገባ ግን አልጠየቀም። ባዜቃው የገባው በእሳቱ ዙሪያ በቆሙት ሰዎች ሳንባ ነው፤ የባዜቃ ትንፋሽ አንጎልንና ጅማትን የሚጎዳ መርዝ መሆኑን ዛሬ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ቤከር ለዝሆኑ የሚሆነውን ሲያሰላ፥ ጭልፋውን ለያዘው ሰው የሚሆነውን አላሰላም ነበር።

ማፍሰሻ የምንለው ዕቃ እንደ ጉጠት የሚከፈትና የሚዘጋ፥ ሁለት ከንፈሮች ያሉት ብረት ነው። በየከንፈሩ የጥይት ግማሽ ቅርጽ ተቈፍሮበታል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ አንድ ሙሉ ጕድጓድ ይሆናሉ። ከላይ ባለው ጠባብ ቀዳዳ የቀለጠው እርሳስ ይፈስሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ሲረጋ ከንፈሮቹ ይከፈታሉ፥ ጥይቱም ይወድቃል፤ በቀዳዳው የቀረው ጭራ ተቈርጦ እንደገና ወደ ማቅለጫው ይመለሳል። በቀድሞው ዘመን የአውሮፓ ሠሪዎች ጥሩ ጠመንጃ ሲሸጡ የራሱን ማፍሰሻ አብረው ይሰጡ ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ አፈሙዝ የየራሱ ስፋት ስለ ነበረው ነው። ጠመንጃው እጅ በእጅ ሲሸጥ፥ በጦርነት ሲማረክ፥ በውርስ ሲተላለፍ ግን ማፍሰሻው ይጠፋል። አዲሱ ባለቤትም የሌላ ጠመንጃ ማፍሰሻ ፈልጎ ለራሱ እንዲስማማ ለመለወጥ ይገደዳል። በቤት ውስጥ ማፍሰሻን መሞረድ የተጀመረው እንግዲህ ከዚህ ችግር የተነሣ ነው።

ይህን ሥራ ሁለት ነገሮች አስቸጋሪ ያደርጉታል። አንደኛው፥ እርሳስ ሲረጋ ይሸማቀቃል፤ ስለዚህ ጥይቱ ከጕድጓዱ ጥቂት አንሶ ይወጣል። ቈርቈሮ ወይም አንቲሞን ቢደባለቅበት መጠኑ እንደገና ይለወጣል። ስለዚህ ማፍሰሻውን በዓይን ልክ የሚሞርድ ሰው፥ ያሰበውን ሳይሆን ሌላ ነገር ያገኛል። ሁለተኛውም፥ ሞረድ ብረትን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የጠበበውን ማስፋት ይቻላል፤ ከልክ ያለፈውን ግን መመለስ አይቻልም። ጥይቱ ቢያንስ የባሩዱ ኃይል በጎኑ ያመልጣል፥ እርሳሱም በአፈሙዙ ውስጥ እየተፋቀ ይለጠፋል፤ ቢበልጥ ደግሞ አፈሙዙ ከሚችለው በላይ ኃይል ይታፈንና ጠመንጃው በባለቤቱ ፊት ሊፈነዳ ይችላል። አንዲት ጥይት ብትበላሽ ጕዳቷ የአንድ ጊዜ ነው፤ ማፍሰሻው ከተበላሸ ግን ከእርሱ የሚወለዱት ሁሉ የተበላሹ ናቸው። መጻሕፍትን የሚገለብጥ ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል፤ እናት ቅጂው ላይ የገባ ስሕተት በልጆቹ ሁሉ ይገኛልና።

በአገራችን ቋንቋ ዓረር የሚለው ቃል እርሳስንም ጥይትንም ያመለክታል። አባቶቻችን ሁለቱን ባንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለእነርሱ እርሳስ ማለት ገና ያልፈሰሰ ጥይት ነበርና። ከውጭ የመጡትንም ጠመንጃዎች ስማቸውን ወደ አገርኛ መልሰዋቸዋል። የፈረንሣዩ «ፉዚል ግራ» ውጅግራ ሆነ፤ የእንግሊዙ «ስናይደር» ሰናድር ተባለ፤ የኦስትሪያው «ማንሊኸር» ምንሽር ሆነ። ሰው የባዕዱን ስም ለአፉ እንዲመች አድርጎ እንደ ለወጠው፥ ማፍሰሻውንም ለእጁ እንዲመች አድርጎ ሲለውጥ ኖሯል።

በትልቁም ነገር ቢሆን ችግሩ ያው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮን ሠራተኞችን ሰብስበው፥ መድፍ እንዲያፈስሱላቸው ባዘዙ ጊዜ፥ እነዚያ ሰዎች ስለ ወንጌል እንጂ ስለ መድፍ የተማሩት አልነበረም። ቢሆንም እየሞከሩ፥ እየተሳሳቱም፥ በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን ታላቅ መድፍ አፈሰሱ። መድፉም መንገድ እየተጠረገለት ወደ መቅደላ ተጐተተ፤ የደረሰውም በ1868 ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሞቱ፤ መድፉም እስከ ዛሬ በዚያው ተራራ ላይ ይገኛል። ከዚህ ታሪክ የሚተርፈን ትምህርት፥ የማፍሰስ ጥበብ በትእዛዝ የሚገኝ አለመሆኑ ነው። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ጠይብ፥ ቡዳ እያለ ሲሰድብ የኖረ አገር፥ በጭንቅ ቀን የባዕድ ሰባኪ ወደ ወናፍ መጥራት ግድ ሆነበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 የእጅ ሠራተኞችን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው ይህን ጕድለት ዐውቀው እንደ ሆነ ይታመናል።

ጊዜው እየገፋ ሲሄድ በአፍ የሚጎረሰው ነፍጥ ቀርቶ ባለ ቀለህ ጠመንጃ መጣ። ዐፄ ዮሐንስ በ1875 በጕንደት፥ በ1876 በጕራዕ የግብጽን ጦር ድል ባደረጉ ጊዜ፥ ከተማረከው መሣሪያ ብዙው ረሚንግተን የሚባለው ጠመንጃ ነበር። ከዚህ በኋላ ማፍሰሻ ብቻውን አይበቃም፤ ጥይት ማለት እርሳስ፥ ባሩድ፥ ካፕሱልና የናስ ቀለህ አንድ ላይ ሆነ። ውጅግራም ረሚንግተንም በሚሊ ሜትር አሥራ አንድ የሚባሉ ሲሆኑ፥ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ወታደር የተተኰሰውን ቀለህ እየለቀመ እንደገና እንዲሞላ ይሰጥ ነበር። የጥይትም ዋጋ ከመክበሩ የተነሣ፥ በገበያ እንደ ትንሽ ገንዘብ ሆኖ ዕቃ ይገዛበት እንደ ነበረ ይታወቃል። ከማርያ ቴሬዛ ብር በታች መልስ የሚሰጥበት ፍራንክ በጠፋበት ቦታ፥ ጥይት መልስ ሆኖ ይሰጥ ነበር። ሰው ነፍስ የሚያጠፋበት ነገር የጨውና የበርበሬ መግዣ መሆኑ፥ በጥሞና ላሰበው የሚያሳዝን ነው።

በወንዙ ማዶም ያው ነበር። ማሕዲስቶች ከግብጽ የወሰዱት ረሚንግተን ጥይቱ ሲያልቅባቸው፥ በኦምዱርማን የጥይት መሥሪያ አቁመው ቀለሁን እንደገና ይሞሉ ጀመር። ኖይፌልድ የሚባለው ጀርመናዊ እስረኛም ለባሩድ የሚሆነውን ጨው እንዲያጣራ ተመድቦ ነበር። ዳሩ ግን ያ ባሩድ ደካማ ስለ ነበረ፥ ጥይቱ ከሩቅ አይደርስም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በ1889 በመተማ በጥይት ቈስለው ሲሞቱ፥ ከሁለቱም ወገን የወደቀው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። በ1898 በኦምዱርማን ግን ያ በቤት የተሞላ ጥይት ከፋብሪካው ጥይት ጋር በተገናኘ ጊዜ፥ ውጤቱ ምን እንደ ሆነ ታሪክ መዝግቦታል።

ጥይትን በእጅ መለወጥ የድኻ ሠራዊት ብቻ ሥራ ነው የሚል ሰው ቢኖር ግን ተሳስቷል። በዚያው በ1898፥ ከአትባራ ጦርነት በፊት፥ በሱዳን የነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች የጥይታቸውን ጫፍ በሞረድ እንዲሞርዱ ታዘዙ። ምክንያቱም፥ አዲሱ ቀጭን ጥይት ሰውን በስቶ ያልፋል እንጂ አይጥልም ተብሎ ስለ ነበረ ነው። ጫፉ የተሞረደ ጥይት ግን ሥጋ ሲነካ እንደ አበባ ይከፈትና ቍስሉን ያሰፋዋል። በሕንድ አገር በካልካታ አጠገብ ዱምዱም በሚባለው የመሣሪያ ፋብሪካም እንዲህ ያለ ጥይት ስለ ተሠራ፥ ስሙ «ዱምዱም» ሆኖ ቀረ።

በ1899 በላሄ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታት በሰው ሥጋ ውስጥ የሚከፈት ወይም የሚጨፈለቅ ጥይት በጦርነት እንዳይተኰስ የሚከለክል ቃል አወጡ። እንግሊዝ መጀመሪያ እምቢ ብላ በ1907 ተቀበለች። በ1998 የወጣው የሮማ ስምምነት ይህን ሥራ ከጦር ወንጀል ቈጠረው፤ በ2010 በካምፓላ የተደረገውም ማሻሻያ ክልከላውን በአንድ አገር ውስጥ በሚደረግ ጦርነት ላይ ጭምር አጸናው። እንግዲህ አንድ ሰው በጓዳው ተቀምጦ በሞረድ የሚለውጣት ጥቂት ሚሊ ሜትር፥ በዓለም ሕግ ፊት ሕጋዊውን ወታደር ከወንጀለኛ የምትለይ ልትሆን ትችላለች።

ይህ ሕግ በእኛም ታሪክ ላይ ክፉ ጥላ ጥሎ ነበር። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፥ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ጥይት ይተኵሳሉ እያለ ለመንግሥታት ማኅበር ክስ ያቀርብ ነበር። ይህንንም ክስ የመርዝ ጋዙን ሥራ ለማሳመኛ ተጠቀመበት። ጋዙን ግን እስከ ብዙ ዘመን ሲክድ ቈይቶ፥ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1996 ነው። የጥይት ጫፍ የከሰሰ አፍ፥ ከሰማይ ስለ ወረደው መርዝ ስድሳ ዓመት ዝም አለ። ይህንም የምናነሣው ቂም ለማደስ ሳይሆን፥ የጥይት ቅርጽ ከጠመንጃ አፈሙዝ አልፎ እስከ መንግሥታት ሸንጎ የሚደርስ ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቤት እንመለስ፤ ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ከዚያ ነውና። የመጀመሪያው አደጋ ውሃ ነው። ከቀለጠ እርሳስ በታች አንዲት የውሃ ጠብታ ብትያዝ፥ ወዲያው ወደ 1,700 እጥፍ ሰፍታ እንፋሎት ትሆናለች፤ እርሳሱንም በሠሪው ፊትና ዓይን ላይ ትረጨዋለች። እርጥብ ማፍሰሻ፥ ዝናብ የነካው ቍራጭ፥ ከግንባር የወረደ ላብ ለዚህ ይበቃል።

ሁለተኛው አደጋ ድምፅ የለውም። እርሳስ መርዝ ነው። በማቅለጫው ላይ የሚንሳፈፈው ዐመድ ሲጠረግ ይቦንናል፤ ከማፍሰሻው የተሞረደው ብናኝ በልብስና በጥፍር ይቀራል፤ ሠሪው እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቈርሳል፥ ልጁንም ያቅፋል። ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ከትልቅ ሰው አራት ወይም አምስት እጥፍ ነው። ሕመሙም እንደ ወባ ትኵሳት አያሳይም፤ ልጁ ይከሳል፥ ትምህርት ይከብደዋል፥ ቍጡ ይሆናል፥ ወላጆቹም ሰነፍ ነው ብለው ይገርፉታል። የዓለም የጤና ድርጅት ጕዳት የሌለው የእርሳስ መጠን የሚባል ነገር አለመኖሩን ይናገራል፤ በ2021 ብቻ በእርሳስ ምክንያት ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እንደ ሞተ ገምቷል።

ይህ ነገር የሩቅ ተረት እንዳይመስል ሁለት ምሳሌ እንጨምር። በሴኔጋል፥ በዳካር አጠገብ በቲያሮይ ሱር ሜር፥ ሴቶች ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ እያወጡ ይሸጡ ነበር። ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት ዐሥራ ስምንት ሕፃናት ሞቱ። በናይጄርያም፥ በዛምፋራ አውራጃ፥ እርሳስ ያለበትን የወርቅ ድንጋይ በቤታቸው ይፈጩ ከነበሩት ሰዎች ልጆች በ2010 ከአራት መቶ የሚበልጡት አለቁ። እነዚያ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚጠሉ አልነበሩም፤ የሚያበሉአቸውን እንጀራ ሊያገኙ ሲሉ ነው ያጠፉአቸው። ዛሬ ማንም ሰው የባትሪ እርሳስ ሊያቀልጥ ቢነሣ፥ ያው ሞት በደጁ መቆሙን ይወቅ። በባትሪው ውስጥ ከእርሳስ ጋር የተደባለቁት ነገሮችም ራሳቸው መርዛም ትንፋሽ ያወጣሉ።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ በ2020 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያና ጥይት መሥራትን ይከለክላል። ዳሩ ግን ሕግ የሚደርሰው ከመሥሪያ ቤት እስከ ደጃፍ ነው፤ ከደጃፍ ወደ ውስጥ ያለውን የሚጠብቀው የባለቤቱ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ከአያቱ የወረሰው ማፍሰሻ በቤቱ ያለ ሰው ቢኖር፥ እንዳለ ጠርጎ ለታሪክ ያስቀምጠው፤ ወይም ለቤተ መዘክር ይስጠው። እርሳስ በሥራው የሚነካ ሠራተኛም፥ ባትሪ ሠሪም ሆነ ብየዳ የሚሠራ፥ ሥራውን ከማጀትና ከልጆች ያርቅ፤ በደጅ ይሥራ፤ ሳይታጠብ አይብላ፤ የሥራ ልብሱንም ወደ ቤት አያስገባ።

እርሳስን የሚያውቀው ወታደር ብቻ አልነበረም። ጋዜጣና መጽሐፍ በእጅ እየተለቀመ ይታተም በነበረበት ዘመን፥ ፊደሎቹ የሚፈስሱት ከእርሳስ፥ ከቈርቈሮና ከአንቲሞን ነበር፤ ጥይትም የሚጠነክረው በእነዚሁ ነው። ባንዱ ማፍሰሻ «ሀ» ይወጣል፥ በሌላው ሞት ይወጣል። ልዩነቱ በቅርጹ ነው፤ ቅርጹንም የሚመርጠው ሰው ነው። በሰቲት ዳር ሐምራኖች በሰይፍ፥ ቤከር በባዜቃ ጥይት ያሳደዷቸው የዝሆን መንጋዎች ዛሬ በዚያ ብዛት አይታዩም። በዚያው ወንዝ በ2020 በጀልባና በዋና የተሻገሩት ሕፃናት ግን አሉ። ለእነዚህ ልጆች ከሁለቱ ማፍሰሻዎች የትኛው እንደሚገባቸው፥ ያንኑ ወንዝ አብሮአቸው የተሻገረ ሁሉ ያውቀዋል።